አባዬ፣ ፍሪሲዮኑን አንተ አልበላኸውም

አባዬ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እህቴ የአዳማ ሙቀት እንደተስማማህ ነግራኛለች። አንተ ግን ስደውል "ደህና ነኝ" ብለህ ወሬውን ወዲያው ወደ መኪናዋ ስለምትወስደው፣ እኔም ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ስለ እሷ ልጻፍልህ። በስልክ ብነግርህ ገና ግማሹ ላይ ሳልደርስ "ተዪው ልጄ፣ ሽጫት" ብለህ ታቋርጠኛለህ። ደብዳቤ አይቋረጥም።

ቮልሷ ተሠርታለች። ጋራዥ አልወሰድኳትም። ሞተሩን እዚሁ ግቢ ውስጥ አውርደን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ያን ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኝና የሚለያይ ዕቃ፣ ቀይረን መልሰን ሰቅለነዋል። የሠራነው እኔና ታናሼ ነን፣ ጎረቤቱም ምክር በማዋጣት አልሰነፈም። ግን ዋናው ወሬዬ ይሄ አይደለም። ሞተሩን ስናወርድ ያገኘነውን ልነግርህ ነው።

ያ መካኒክ ያለህን አልረሳሁትም። መኪናዋ ሽሮ ሜዳ አቀበት ላይ ሞተሯ እየጮኸ እሷ ግን አልሄድ ያለች ጊዜ ወሰድንለት። ከስር እንኳ ጎንበስ ብሎ ሳያይ "አባት፣ እግርዎን ፔዳሉ ላይ እያሳረፉ ፍሪሲዮኑን በልተውታል፣ ዕድሜ ነው" አለህ። አንተም አመንከው። ቁልፉን ለእኔ ሰጠኸኝ፣ መንዳትም በዚያው ቀረ። እኔ በውስጤ ሌላ ሰው እንጂ አባቴ እንደዚህ አይነዳም እያልኩ ነበር፣ ግን ማስረጃ አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። እግሩን ፔዳል ላይ የሚያሳርፍ ሰው ፍሪሲዮኑ ውስጥ ምልክት ይተዋል፣ ይሄን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሠራው ኩሽኔታ ያለ ሥራው ሲሽከረከር ስለሚውል ይጮኻል፣ ይላላል። ዲስኩን ተጭኖ የሚይዘው ፕሬሸር መሃል ያለው፣ ኩሽኔታው የሚገፋው ቀለበት ይቦረቦራል። ዲስኩ ደግሞ ልባሱን እስከያዘው ሪቬት ድረስ ያልቃል። እኛ ሞተሩን ስናወርድ ኩሽኔታውን በእጄ አዞርኩት፣ ድምፅ የለውም። ቀለበቱ ትንሽ አብረቅርቋል እንጂ አልተበላም። ዲስኩ ላይ ያለው ልባስ ከሪቬቱ በላይ ገና ብዙ ይቀረዋል። ታዲያ ለምን ይንሸራተታል? በዘይት ተነክሮ ነበራ! ጥቁር ሆኗል፣ ስትነካው እጅህ ላይ ይቀራል።

ዘይቱ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል፣ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሣጥኑ) ወይም ከሞተሩ። አሸተትኩት። የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ነው፣ ድኝ ድኝ ይላል። ይሄኛው ቀጭንና የተቃጠለ፣ ያለ ጥርጥር የሞተር ዘይት ነው። ከቮላኖው፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ ካለው ከባድ ክብ ብረት፣ ጀርባ ዘይቱን የሚያግደው ኦይል ሲል ደርቆ ጠንክሮ፣ እንደ ፕላስቲክ ሆኖ ነው የወጣው። ዕድሜ ከተባለ የእሱ ዕድሜ ነው። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ሲያንጠባጥብ ዲስኩን አበላሸው፣ ስሙ ግን ለአንተ ተሰጠ። አሮጌውን ዲስክና ሲሉን በፌስታል አድርጌ አስቀምጬልሃለሁ፣ ራስህ ታየዋለህ።

አሠራሩን እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ እነሆ። መጀመሪያ ከኋላ ወንበር ስር የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። የቤንዚን ቱቦውን ቆንጥጬ ዘጋሁት፣ ምክንያቱም የቮልስ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲንጠባጠብ ቀልድ የለም። የነዳጅ ፔዳሉን ሽቦ፣ የጄኔሬተሩንና የኮይሉን ገመዶች፣ የማሞቂያውን ሁለት ኬብሎች ፈታን። ሞተሩን ከካምቢዮ የሚይዙት አራት ብሎኖች ብቻ መሆናቸው እስካሁን ይገርመኛል። የታችኞቹ ሁለቱ ቀላል ናቸው። የላይኞቹ ግን ከፋኑ ቤት ጀርባ ስለሆኑ ዓይን አያያቸውም፣ በዳሰሳ ነው የሚፈቱት፤ አንደኛው ደግሞ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖም አብሮ ስለሚይዝ ታናሼ ከስር ተኝቶ የብሎኑን ራስ ይዞልኝ እኔ ከላይ ዳዶውን ፈታሁ፣ እየተሰዳደብን። ሞተሩ ወደ 110 ኪሎ ነው። ክሪኩ ላይ ሰፊ ጣውላ አድርገን ቀጥ አድርገን ወደ ኋላ ሳብነው፣ ክብደቱ የካምቢዮው ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ ዘንጉም ዲስኩም ይጎዳል። ውስጡን በኮምፕረሰር አላስነፋሁም። የድሮ ዲስክ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አፍንጫችንን ሸፍነን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። አንተ ድሮ በአፍህ እፍ ትለው ነበር፣ ከእንግዲህ ተው።

ሲሉን ለመቀየር ቮላኖው መውጣት ነበረበት፣ እሱን የያዘችው ደግሞ ያቺ ባለ 36 ዳዶ ናት። መፍታቱስ ተፈታች፣ ማጥበቁ ነው ነገሩ፤ 30 ኪሎግራም ሜትር ትፈልጋለች፣ እዚያ የሚደርስ የቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሞተሩን እንዳይገለበጥ በእንጨት አስደገፍነውና ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰካን። ከዳዶዋ መሃል 60 ሳንቲ ሜትር ላይ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከነከረጢቱ በገመድ አንጠለጠልን። ሃምሳን በዜሮ ነጥብ ስድስት አባዛው፣ ልክ ሠላሳ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ልጅ መሆን እዚህ ይጠቅማል። ከዚያ በፊት ከቮላኖው ጀርባ ያሉትን ሦስቱን ስስ ሺሞች (የብረት ቀለበቶች) በቦታቸው መልሼ የክራንኩን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ የፊትና ኋላ ጨዋታ በተዋስኩት መለኪያ አይቻለሁ፣ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው።

ዕቃው ላይ ግን ልጭበረበር ነበር ማለት ይቻላል። ሶማሌ ተራ አንዱ ነጋዴ "ቮልስ ቮልስ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው" እያለ ሊሸጥልኝ ሲታገል ነበር። አንድ አይደለም! የእኛ 1500 በፈረንጅ የ1968 ሞዴል ናት፣ ዲስኳ 200 ሚሊ ሜትር ነው። የ1200 ቮልስ 180 ነው። ኩሽኔታውም የድሮው ዓይነት፣ ሹካው ላይ በክሊፕ የሚያዘው ስለሆነ ፕሬሸሩ መሃል ቀለበት ያለው መሆን አለበት። ከ1971 ወዲህ ያሉት ኩሽኔታቸው ቱቦ ላይ ነው የሚንሸራተተው፣ ፕሬሸራቸውም ቀለበት የለውም። ሁለቱን ከቀላቀልክ ሞተሩን ድጋሚ ማውረድ ነው። አሮጌውን ይዤ ስለሄድኩ አልተሸወድኩም። ሜክሲኮ በፈረንጅ እስከ 2003 ድረስ ቮልስ ስትሠራ ስለነበረ ዕቃው ዛሬም አይጠፋም፣ መምረጡ ነው እንጂ።

ዲስኩን መሃል ለማስያዝ ያቺን በዕቃ ሣጥንህ ውስጥ በጋዜጣ ጠቅልለህ ያቆየሃትን አሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ተጠቀምኩ። ለምን እንደማትጥላት ዛሬ ገባኝ። የፕሬሸሩን ብሎኖች በመስቀል አቅጣጫ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት እያጠበቅን ጨረስን፣ ሞተሩም ያለ ብዙ ትግል ገባ።

የፍሪሲዮኑን ኬብል ያስተካከልኩት አንተ እንዳሳየኸኝ ነው። ልጅ ሆኜ ግራ ኋላ ጎማ ጋ ባትሪ እያበራሁልህ፣ ያቺን ባለ ክንፍ ዳዶ እያዞርክ "ፔዳሉ ከመጫኑ በፊት አንድ ጣት ያህል ባዶ ይሂድ" ትል አልነበር? የመኪናዋ መጽሐፍም ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው የሚለው። ስትነሳ ትንቀጠቀጥ የነበረውም ቀርቷል። ኬብሉን የያዘው ቱቦ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ነበር፣ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት፣ ያንንም አስተካከልኩ።

አቀበቱን ሞከርኩት። በሁለተኛ ማርሽ ያለ ጩኸት ወጣች።

አሁን ስለ አንተ። የቦሌን መንገድ ንዳ አልልህም፣ የጉልበትህ ነገር ሌላ ነው፣ እሱን ሐኪሙ ይወስን። ግን "አልችልም፣ ፍሪሲዮን በላሁ" የምትለውን ከዛሬ ጀምሮ አልሰማም። ዕውቀትህ ላይ የተነገረው ውሸት ነው። እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል አንተ መሪውን ትይዛለህ፣ እኔ ጎንህ እቀመጣለሁ፣ ካልፈለግክም ጎኔ ተቀምጠህ እንደለመድከው ማርሽ አቀያየሬን ትተቻለህ።

ቅዳሜ ልወስድህ እመጣለሁ፣ በአውቶቡስ ነው ግን። አዲሱ ዲስክ ሳይለምድ አዳማ ድረስ አላስሮጣትም። ሲመች ደግሞ የሊብሬውን ነገር ለእህቴ ንገራት፣ ቦሎ ለማሳደስ ያስፈልገኛል። እሷ "ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ለገዢ ሊሰጠው ነው" ብላኛለች። ለማንም እንዳትሰጥብኝ። ሰውየው ከደወለ መኪናዋ አትሸጥም በለው፣ ካስቸገረህም ስልኬን ስጠው።

ልጅህ