ባቡሩ ከዚራ አይገባም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ወደ ምሥራቅ ለሚጓዙ እንግዶች ብላችሁ ያወጣችሁትን መረጃ እኛ ድሬዎችም አንብበነዋል። ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣው እንግዳ ሻንጣውን ሳይሸክፍ ማውጣታችሁ ደግ ነበር። ግን አቦ፣ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ የድሬ ሰው ብትጠይቁ ምን ነበረበት?

«ባቡሩ ድሬዳዋ መሃል ከተማ ያወርድዎታል፤ ሆቴልዎ በእግር ነው» ይላል ጽሑፋችሁ። ከሥሩ የሰፈራችን የከዚራ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ፎቶ ተለጥፏል። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። ባቡሩ ግን እዚያ አይደርስም።

በዝግታ ላስረዳ። የከዚራው ጣቢያ የድሮው የፈረንሳዮቹ መስመር ነው። ሐዲዱ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሁለቱ ብረቶች ርቀት አንድ ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ ወደ አንድ ሜትር ከአርባ አራት ሳንቲም ይጠጋል። ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው። አዲሱ ባቡር ከዚራ ልምጣ ቢል እንኳ መጀመሪያ እግሩን ማጥበብ አለበት። ጸሐፊያችሁ ይህን ተአምር በዓይኑ ካየ ለምን የውስጥ ገጽ ላይ ደበቃችሁት? የአዲስ አበባው መነሻ ፉሪ ለቡ እንጂ የድሮው ለገሀር እንዳልሆነ ግን አልሳታችሁም። የራሳችሁን ሰፈር ሲሆን ታጣራላችሁ ማለት ነው።

የዚህ ስህተት ዕዳ ከፋይ እኔ ነኝ። ከዚራ ውስጥ ትንሽ ፔንሲዮን አለችኝ። በቀደም ከውጭ የመጡ ባልና ሚስት ጽሑፋችሁን አምነው፣ ከአዲሱ ጣቢያ ሻንጣ እየጎተቱ በእግራቸው ተነሡ። ባጃጆቹን «ቅርብ ነው፣ አያስፈልገንም» አሏቸው። ሹፌሮቹ ሳቁ። ፀሐዩ አላላውስ ብሏቸው ሲመለሱ ዋጋው ተሰቅሎ ጠበቃቸው። እኔ ደጃፍ ሲደርሱ የሴትዮዋ ፊት በርበሬ መስሏል። የአንዱ ሻንጣ ጎማ ወልቆ ባልየው በእጁ ይዞታል። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «በእግር ነው ያሉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ምን ላድርግ? ሲም ካርድ እንገዛለን ብለው ደግሞ ወጡ። ሱቁ ዝግ ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ድሬ በሯን ትዘጋለች። ሙቀቱ አለ፣ ጫቱ አለ፣ ፍራሹ አለ። ለእንግዳ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ምን መረጃ አለ? እናንተ ግን ቦታውን ለፎቶው ሰጣችሁት።

ከዚያ ደግሞ «ድሬዳዋ ሳይዘገዩ ወደ ሐረር ይቀጥሉ» አላችሁ። ሐረርን የሚጠላ የድሬ ልጅ የለም፣ ስንቶቻችን አያቶቻችን እዚያ ናቸው። ጀጎልን ማየት የግድ ነው። እኛ ግን የሐረር አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ነን እንዴ? ባቡሩ እኮ ያን ሁሉ ዳገት ወደ ሐረር መውጣት ስላልሆነለት ነው እዚህ የቀረው፤ ከተማችንም በእሱ ሰበብ ተቆረቆረች። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ቀፊራ ገበያ ገብቶ የሚዞር ሰው ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ክርክር ውስጥ ሲደባለቁ ይሰማል። አመሻሽ ላይ የከዚራን ዛፎች ጥላ ይዞ መንሸራሸር ነው። የፎቶውን ጣቢያም ቢሆን ሄዳችሁ እዩት በሉ እንጂ፤ ትወርዱበታላችሁ አትበሉ።

አንድ የተዘለለ ነገር ደግሞ ቀልድ የለውም። ደቻቱ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ እንግዳ መንገድ ይመስለዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ግን ከ250 በላይ ሰው የወሰደብን እሱ ነው። እዚህ ዝናብ ሳይጥል ከላይ ከተራራው የጣለው ይወርዳል። በክረምት የሚመጣ ሰው አሸዋው ላይ እንዳይዘናጋ አንድ መስመር ይበዛባችሁ ነበር?

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን አውጡልን። ከወረቀቱ ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል እንዳትሸጉጡት። የባጃጁን ዋጋ ግን አትጻፉ። እሱን እዚሁ ከሹፌሮቹ ጋር እንከራከርበታለን።

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ