ደብዳቤ ለልጄ፦ በአባትህ ታሪክ ላይ ያልሆነውን አትጨምር

ውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ክረምቱ ሲገባ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የሚያሰጋኝ ነገር የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለአባትህ ሙት ዓመት ያዘጋጀኸውን የሕይወት ታሪክ እኅትህ ስላነበበችልኝ ነው። አጻጻፍህ ያምራል፤ እያለቀስኩ ነው የሰማሁት። ነገር ግን «በካራማራ ጠመንጃ አንግበው ምሽግ የሰበሩ ጀግና» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቁሜ ደግማ እንድታነብልኝ አደረግሁ። አባትህ ምሽግ አልሰበሩም፣ ልጄ። የሠራዊቱ የሕዝብ ግንኙነት መኮንን ነበሩ። ያልሆነውን አትጨምርባቸው።

ከሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ምክትል መቶ አለቃ ሆነው ሲወጡ ምኞታቸው እንደ ጓደኞቻቸው እግረኛ ጦር መምራት ነበር፤ ጽሕፈታቸው ስለተወደደላቸው ግን የማስታወቂያ ሥራ ላይ ተመደቡ። በ1970 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ሲዘምቱ በትከሻቸው ያንጠለጠሉት የድምፅ መቅረጫ ነበር፤ አቧራ እንዳይገባበት እኔ በሰጠኋቸው አሮጌ ነጠላ ጠቅልለውት ነው የሄዱት። በመስከረም በሶማሊያ ጦር እጅ የወደቀችው ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ስትመለስ የእርሳቸው ሥራ የቁስለኞችን ድምፅ መቅረጽና ስማቸውን መመዝገብ ነበር። ወታደሩን «ስምህን በል፣ የአባትህን ስም በል፣ አገርህን በል» እያሉ ያስደግሙት ነበር፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ እናቱ በሬዲዮ ስትሰማ የሌላ ሰው ልጅ ነው ብላ ታልፈዋለች ይሉ ነበር። ታሪካቸው ይህ ነው፤ ለእኔ ምሽግ ከመስበር አያንስም።

ደግሞ በጽሑፍህ ውስጥ ኩባውያን የት ገቡ? በዚያ ጦርነት ከወገን ጦር ጎን ተሰልፈው ሞተዋል። ትንሽ ልጅ ሳለህ አባትህ እጅህን ይዘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ወዳለው የትግላችን ሐውልት ወስደውህ፣ የኩባውያኑን ፎቶግራፍ አንድ በአንድ ያሳዩህ እንድትረሳቸው አልነበረም። ያልሆነውን አትጨምር ስልህ የሆነውን ቀንስ ማለቴ እንዳልሆነ አስተውል።

መጋቢት 1980ን አንተ ልጅ ስለነበርክ በደንብ አታስታውሰውም። ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ «ናደው ዕዝ» የሚባለው ጦራችን በሻዕቢያ ሲደመሰስ ሬዲዮው ዝም አለ፤ ሠፈራችን ግን ዝም አላለም። ልጆቻቸው ሰሜን ያሉ እናቶች በራችን ላይ እየመጡ «ሻምበል፣ እርስዎ ዜናው ያለበት ቤት ነው የሚውሉት፤ እባክዎ የልጄን ነገር ይንገሩኝ» ይሉ ነበር። አባትህ ስለ ሽንፈቱ አንድ ቃል እንዳይወጣቸው ታዝዘዋል። ቢሆንም አንዲቱንም ከበር አልመለሱም፤ አስቀምጠው፣ ቡና አስቀርበው፣ የልጁን ስምና ክፍለ ጦሩን በእርሳስ እየጻፉ «ያረጋገጥሁት የለም፤ ሳረጋግጥ ራሴ ቤትዎ እመጣለሁ» ይሏቸው ነበር። መጥተዋልም። ከመርዶው በፊት ገብተው ሲናገሩ ሊያስጠይቃቸው እንደሚችል እያወቁ፣ አመሻሽ ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ስከተላቸው፣ በየበሩ ከማንኳኳታቸው በፊት ቆም ብለው ኮፍያቸውን ሲያወልቁ አይቻለሁ። ተስፋ ለመስጠት ሲሉ «በሕይወት አለ» ያሉበትን ቤት ግን አላውቅም።

በዚያው ዘመን ግን እርሳቸው ራሳቸው ያላመኑበትን መግለጫ ጽፈዋል፤ በእርጅናቸው እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ነበር። «የጻፍኩትን የሰማ ሰው አምኖኝ ነበር» ብለው በሌሊት ሲነሡ ብርሃን አብርቼ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። ይህንንም ጻፈው። ልጅ የአባቱን ገመና አያወጣም ብለህ አትተወው፤ እርሳቸው ገመና አላደረጉትም፤ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ይናገሩት ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ደብተሮቻቸው ናቸው። በግንቦት 1983 ከተማው ሲታመስ የወታደር ወረቀት ቤት ውስጥ መገኘቱ ያስፈራ ስለነበር ገጽ በገጽ እየቀደዱ ከከሰል ምድጃው ውስጥ ከተቱት። ያ ሁሉ ስም፣ ያ ሁሉ «አገርህን በል» የተባለ ወታደር በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ተይዘው የነበሩበት ጦላይ ካምፕ ገቡ፤ ሲመለሱም ከትውስታቸው እንደገና ይጽፉ እንደሆነ ስጠይቃቸው «የማላረጋግጠውን ስም አልጽፍም» አሉኝ። እንግዲህ አንተ ክፍቱን ቦታ በሚያምር ቃል ልትሞላው ስትነሣ ምን እንደተሰማኝ ገምት። ያልሆነውን አትጨምር፣ ልጄ፤ ባዶ ከሆነ ባዶውን ተወው።

አሁን የምታርመውን ልንገርህ። ማዕረጋቸው ሻለቃ ነው፤ ኮሎኔል ያልከውን ሰርዝ። ለሽፋኑ የመረጥከውን ፎቶግራፍ ተወውና ካሜራ በአንገታቸው ያለበትን፣ እኅትህ የምትልክልህን አድርግ። የዘመቱበትን ዓመት ስትጽፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ግለጽ፤ እዚያ ሜሪላንድ ያደጉት ልጆችህ እንዳይሳሳቱ። የደም ግፊትህን መድኃኒት አቋርጠሃል መባሉን ሰምቻለሁ፤ ዛሬውኑ ሐኪምህ ዘንድ ሂድ፤ አባትህንም የጎዳቸው «ደህና ነኝ» እያሉ መተዋቸው ነው። ሌሊት እያመሸህ መጻፉንም ቀንስ፤ ዓይኔ ሥር ያደግህ ልጅ ነህ፣ ስትደክም ቃል እንደምታበዛ አውቃለሁ።

የታረመውን እስከ ሐሙስ ላክልኝ፤ እኅትህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታነብልኛለች። እኔ ሳልሰማው ለማተሚያ ቤት እንዳትሰጠው።

ሁልጊዜ የምትናፍቅህ
እናትህ