ለዴንቨሩ ወንድሜ፣ ስለ ፍሬድሪክስበርጉ ልጅ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረህ። የዕንቁጣጣሽ ሰላምታ መስቀል ካለፈ በኋላ ሲደርስህ ምን እንደምትል ስለማውቅ ራስህን አታድክም። ዝም ያልኩት ተቀይሜህ አይደለም፤ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ፣ ከነጎደ በኋላ ደግሞ እፍረቱ መጣና ስልኩን ማንሣት ከበደኝ። ይቅር በለኝ። የቀረውን ወቀሳ ፊት ለፊት ስንገናኝ ትጨርሰዋለህ፤ አሁን የጻፍኩልህ ከአንተ በቀር የማዋየው ሰው የሌለኝ ጉዳይ ስለገጠመኝ ነው።

ጉዳዩ የቤዝቦል ነው፦ ኢላይ ዊሊትስ የሚባለው የኦክላሆማ ልጅ። ባለፈው ሐምሌ የዋሽንግተኑ ቡድናችን ናሽናልስ የድራፍቱን (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበትን) የመጀመሪያ ምርጫ ይዞ፣ ብዙ ሰው ከኮሌጅ የወጣ የበሰለ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ይወስዳል ብሎ ሲጠብቅ፣ ገና 17 ዓመት ከ7 ወር የሆነውን ይህን ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከል) መርጦ 8.2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። ልጁ በትምህርት ቤት አንድ ክፍል ደብል መትቶ ባይጨርስ ኖሮ ተራው የሚደርሰው በ2026 ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ፣ አለዚያ እንደ ድሮው በስሌት ልንጣላ ነው)። የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ወደ ታችኛው ቡድናቸው ወደ ፍሬድሪክስበርግ አመጡት። እኔም በ95 መንገድ ያለውን መጨናነቅ ችዬ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ብቻዬን መሄድ የለመድኩበት ስታዲየም ደጋግሜ ሄድኩ። ባለቤቴ «ስማቸውን ማንም የማያውቃቸውን ልጆች ለማየት ነው ይህ ሁሉ ቤንዚን?» ትለኛለች፤ መልስ የለኝም።

የአንተ የዴንቨሩ ሮኪስ ደግሞ በዚያው ድራፍት በአራተኛው ምርጫ ኢታን ሆሊዴይን ወሰደ። እሱም ከኦክላሆማ፣ እሱም ሾርትስቶፕ፣ እሱም የቀድሞ የሜጀር ሊግ (የዋናው ሊግ) ተጫዋች ልጅ! አባቱን ማትን በ2007 በዎርልድ ሲሪስ (በሜጀር ሊጉ ፍጻሜ) የተጫወተ የእናንተ ጀግና ስለሆነ አላስተዋውቅህም። ለልጁ 9 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጡት፣ በዘንድሮው ዓመት 119 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ እንደመሆንህ ደስታህን አልነፍግህም። እኔም 96 ጊዜ ከተሸነፈ ቡድን ጋር ስለዋልኩ ብዙ አልስቅም። ነገር ግን ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጠን የምንከራከርበት ዕድል እንዲህ ተመቻችቶ ሳለ ዝም ማለት ነውር መስሎ ታየኝ።

ክርክሩ የድሮው ነው፦ ተስፈኛ ተጫዋች መቼ ነው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሚቀጥለው ማለፍ ያለበት? የእኛ መሰላል ከታች ወደ ላይ ፍሬድሪክስበርግ (ሲንግል ኤ)፣ ዊልሚንግተን (ሃይ ኤ)፣ ሀሪስበርግ (ደብል ኤ)፣ ሮቼስተር (ትሪፕል ኤ)፣ ከዚያ ዋሽንግተን ነው። አንተ ሁልጊዜ ሶቶን ትጠራለህ። እውነት ነው፣ ሁዋን ሶቶ በ2018 ያኔ ታችኛው ቡድናችን ከነበረው ከሄገርስታውን ተነሥቶ፣ በፖቶማክና በሀሪስበርግ በኩል አልፎ፣ በሦስቱ ቦታዎች በድምሩ 39 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በ19 ዓመቱ ዋሽንግተን ገባ፤ በሀሪስበርግ የቆየው ስምንት ጨዋታ ነበር። የመጀመሪያ ቋሚ ተሰላፊነቱን ባገኘበት ቀን የተወረወረለትን የመጀመሪያ ኳስ ሆምረን አደረገው (ከአጥር አሻገረው)። ይህን ስትተርክ ቡናህ እስኪቀዘቅዝ ነው። እኔ ግን የምለው፣ ሶቶን ያሳለፈው የመታው ብዛት ሳይሆን ያልመታው ነው፤ ከስትራይክ ዞኑ (ሊመታ ከሚገባው ቦታ) የወጣውን ኳስ እያየ መተውን በዚያ ዕድሜው የሚያውቅ ስለነበር፣ የትም ደረጃ ቢሄድ ዓይኑ አብሮት ይሄዳል። ሆምረን በአየሩም፣ በአጥሩም፣ በፒቸሩም ድክመት ሊመጣ ይችላል። ዓይን ግን የልጁ የራሱ ነው።

የእኛውን ካርተር ኪቡምን አስታውስ። በ2019 በፍሬስኖ፣ በትሪፕል ኤ፣ የመምታት አማካዩ 0.303 (ከሺህ ሙከራ 303 ያህል) ነበር፤ ወደ ዋናው ቡድን ሲመጣ ግን በ11 ጨዋታ 0.128 ሆነ። ያ ሊግ የመቺ ሊግ ነበር፤ አልበከርኪን የመሰሉ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ነበሩበት፣ በቀጭን አየር ደግሞ ኳስ እንደሚበር፣ የተጠማዘዘ ውርወራም እንደሚፈታ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው አላስተምርም። አሁን ፍሬስኖ የእናንተ የሲንግል ኤ ቡድን ሆኖ ሆሊዴይ እዚያው ሜዳ ላይ ጀምሯል፤ ስትራይክአውቱ (ሳይመታ በሦስት ስትራይክ መውጣቱ) ከወዲሁ የበዛበት ልጅ የእናንተ ትሪፕል ኤ አልበከርኪ ሲደርስ ቁጥሩ ሲያምር እንዳትሞኝ ብዬ ነው። የእኛው ዊልሚንግተን ደግሞ በተቃራኒው ለመቺ ክፉ ሜዳ ነው የሚባለው፤ እዚያ 0.250 የመታ ልጅ ስንት እንደሚገባው ለመፍረድ ወረቀቱን ብቻ ማየት አይበቃም።

ለዚህ ነው ስለ ጄምስ ዉድ ደጋግሜ የማወራው። ሶቶን ለሳንዲያጎ ስንሸጥ በ2022 ካገኘናቸው ልጆች አንዱ፣ እዚሁ ሮክቪል የተወለደው። በ2023 በሀሪስበርግ 0.248 ነበር የመታው፣ ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህልም በስትራይክአውት ወጥቷል። አንተ ያኔ «አንድ ዓመት ይድገም» ብለህ ነበር። ክለቡ ግን በ2024 ሮቼስተር ላከው፣ እዚያ ስትራይክአውቱ ከአምስት አንድ እንኳ ሳይሞላ 0.353 መታ፣ ጁላይ 1 ዋሽንግተን ገባ። ዘንድሮ 31 ሆምረን ከ221 ስትራይክአውት ጋር መምታቱን አልደብቅህም፤ የቆየው በሽታ ከላይኛው ደረጃ ፒቸሮች ፊት ተመልሶበታል። ግን ሌላ አንድ ዓመት በደብል ኤ ቢያሳልፍ ይድን ነበር ብለህ ታምናለህ? እኔ አላምንም።

ኢላይጃ ግሪንን ግን እዚህ ላይ ሳላነሣብህ አላልፍም። በ2022 አምስተኛው ምርጫ፣ ያ ቁመና፣ ያ ፍጥነት፤ አንድ ምሽት ወንበር ላይ ቆመህ «ከነገ ወዲያ ዋሽንግተን ነው» ብለህ የማልክበት። በ2023 ፍሬድሪክስበርግ ላይ ከአሥር ጊዜ ከአራት በላይ በስትራይክአውት ሲወጣ፣ በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ደረጃ ሲጀምር መሐላህ የት እንደደረሰ ጠይቄህ አላውቅም፤ አሁን ጠየቅሁህ።

ከሆም ፕሌቱ ጀርባ የሚቀመጡት ስካውቶች (ተጫዋች መልማዮች) አሁንም እንዳሉ ናቸው። አንዱ አጠገብ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ አየሁት። ኳሱ ከዱላው ጋር ሲጋጭ ሰዓቱን ይጫናል፣ የሯጩ እግር አንደኛውን ቤዝ ሲረግጥ ያቆመዋል፣ ከዚያ ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ ቁጥሩን ይጽፋል። በግራ ለሚመታ 4.2 ሰከንድ ገደማ መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች ሲሆን ብቻ ብዕሩ ትንሽ ቆየት ይላል። ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያቸው 50 ማለት የሜጀር ሊግ መካከለኛ መሆኑን፣ ለእያንዳንዱ ችሎታም አንድ የዛሬ አንድም የወደፊት ቁጥር እንደሚሰጡ ታውቃለህ። የእኔ ጭንቀት በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ላይ ነው። ዊሊትስ በሁለቱም እጅ ይመታል፣ ኳሱን አይስትም፣ እጁ ሾርትስቶፕ ላይ የተረጋጋ ነው፤ ጉልበቱ ግን ገና አልመጣም። አካሉ ያልጨረሰ ልጅ ጉልበት ፍለጋ ምቱን እንዲቀይር ካስገደዱት፣ ያለውን ዓይን ይዘው እንዳይሄዱበት እፈራለሁ።

የሚያስፈራኝ ሌላው የክለቡ ሁኔታ ነው። በጁላይ ዋና ሥራ አስኪያጁን ማይክ ሪዞንና አሠልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበቱ። አዲስ ሹም ሲመጣ ውጤት ማሳየት ይፈልጋል፣ ውጤት ደግሞ ከታች በፍጥነት ከሚወጣ ስም የተሻለ ማስታወቂያ የለውም። ማሳደግ ሁልጊዜ ስለ ልጁ ዝግጁነት ብቻ እንዳልሆነ አንተም እኔም እናውቃለን፦ ክሪስ ብራያንትን ቺካጎዎች በ2015 ጥቂት ቀን አዘግይተው 171 የአገልግሎት ቀን ብቻ እንዲመዘገብለት አደረጉ፣ ሙሉ ዓመት ለመቁጠር የሚያስፈልገው 172 ነበር፤ በዚያች በአንዲት ቀን ነፃ ሆኖ ክለቡን የሚመርጥበት ጊዜ በአንድ ዓመት ተገፋ። የእኛውን ዲላን ክሩስንም በ2024 ኦገስት 26 ሲያመጡት የጀማሪነት መብቱ እንዳይነካ ቀን ቆጥረው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ወደ ላይ ሲሆን ይቆጥራሉ፣ ከታች ግን ማንም አይቆጥርም። ከዊሊትስ ጎን የሚቀመጠው የሲንግል ኤ ጓደኛው ዝቅተኛ ደመወዝ እኮ፣ በ2023 ማኅበራቸው በተስማማው ውል፣ በዓመት 26,200 ዶላር ነው፤ ለእሱ ዊልሚንግተን መግባት ማለት የ1,100 ዶላር ጭማሪ ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ዊሊትስ በ2026 ፍሬድሪክስበርግ ላይ ይጀምር፤ የሊጉ ፒቸሮች አንዴ አይተውት፣ ድካሙን አግኝተው፣ ሁለተኛ ዙር ሲመጡበት የሚሰጠውን መልስ እንይ። ከመለሰላቸው በሰኔ ዊልሚንግተን ይግባ። ሀሪስበርግን ግን በዚያ ዓመት ባያየው እመርጣለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ ሶቶህ ላይ እንደማይሠራ አውቃለሁ፣ ሶቶ ግን በየዓመቱ አይወለድም።

አሁን ደግሞ... እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። የክርስትና ልጅህ 13 ዓመት ሞልቶታል። ቁመቱ ከእኔ ሊበልጥ ጥቂት ቀርቶታል፣ ሾርትስቶፕ ይጫወታል፣ የቡድኑ አሠልጣኝም ከ15 ዓመት ልጆች ጋር ላሰልፈው ብሎ ጠይቆኛል። ልጁ ደስታውን አልቻለውም። እኔ ስለ ሰው ልጅ ገጽ ሙሉ ስፈርድ፣ ስለ ራሴ ልጅ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። በእኩዮቹ መካከል ሲጫወት ከዞን የወጣውን ኳስ አይነካም፤ ባለፈው ቅዳሜ ከትልልቆቹ ጋር ሲሞክሩት ግን ከዞን የወጡትን ሦስት ኳሶች ሁሉ ልምታ ብሎ ሳታቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ፣ እኔም ስልኬን የማይ መስዬ አቀረቀርኩ። እናቱ «ከእኩዮቹ አትለዩት» ትላለች። አንተ ክርስትና አባቱ ነህ፤ ዝም ማለት አትችልም።

የምዝገባው ጊዜ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ያበቃል። የቤዝቦሉን ፍርድህን በወረቀት ላክልኝ፣ የልጁን ግን ደውለህ ንገረኝ፤ ከሥራ በኋላ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቤት ነኝ። የዴንቨር ሰዓት ሁለት ሰዓት ወደኋላ መሆኑን አትርሳ፣ ባለፈው ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የቀሰቀስከን። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ