ሆዴ፣ ያ የጉሙ ፊልም ትዝ ይልሻል?

እንዴት ነሽ ሆዴ፣ ደህና ነሽ ወይ? አውቃለሁ ሁለት አመት ሙሉ ጠፋሁብሽ፣ አያትሽ እማማ ስታርፍ እንኳን አልደወልኩም፣ እዚህ ዱባይ ሆኜ ለቅሶ ሳልደርስሽ ቀረሁና ከዛ ደግሞ አፈርኩ፣ እንዳፈርኩ ቀኑ እየረዘመ ሄደ። ትላንት ማታ ግን አንድ ፊልም አይቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ፈርቼ እንዳይመስልሽ፣ ተናድጄ ነው።

ዘነበወርቅ ሰፈር እናንተ ቤት በካሴት ያየነው «ዘ ፎግ»፣ የጆን ካርፔንተሩ፣ በፈረንጆች 1980 የወጣው። የካሊፎርኒያዋ ትንሽዬ የአሳ አጥማጆች ከተማ፣ የሞቱ ሰዎችን ይዞ ከባህር እያበራ የሚመጣው ጉም፣ ላይትሃውሱ፣ የመርከቦች መብራት ማማው ላይ ብቻዋን ሆና ጉሙ በየት በኩል እንደሚመጣ በሬድዮ የምትናገረው ሴትዮ! ከዛ ቄሱ የአያቱን ማስታወሻ ከግድግዳ ውስጥ አግኝቶ ሲያነብ ጉዱ ወጣ፣ ለካ የከተማዋ መስራቾች ከመቶ አመት በፊት የስጋ ደዌ ያለባቸው ሰዎች አጠገባችን አይሰፍሩም ብለው በውሸት እሳት አታለው መርከባቸውን አለት ላይ አጋጭተው ጨርሰዋቸዋል፣ በወርቃቸውም ቤተክርስቲያን ሰርተውበታል። አንቺ ያኔ ምንም ሳትናገሪ ተነስተሽ እማማ ጋ ገባሽ።

ትላንት ያየሁት እንደገና የተሰራውን ነው፣ የ2005ቱን። ኦሪገን ጋ ያለች ደሴት አርገውታል፣ ጉሙ የኮምፒውተር ነው፣ ይሄን እንኳን እተወው ነበር። ህዝቡ ለገዳዮቹ ሀውልት ሊያቆም ሽር ጉድ ይላል፣ ይሄ ብቻ እኮ ስንት ያወራል! ግን መጨረሻ ላይ አንዷን ልጅ የሞተው የመርከቡ ሰውዬ ሚስት ነበረች፣ ዳግም ተወልዳ ነው አሉና ስሟት ይዟት ሄደ፣ በቃ አለቀ። በዚህኛው ፊልም መርከቡ ላይ የተቃጠለው ያ ሁሉ ሰው ለፍቅር ታሪክ ማጣፈጫ ሆነ። ማን ናቸው፣ ለምን ተጠሉ፣ አንድ ሰው አይጠይቅም። አሮጌው ፊልምም ፊታቸውን ደህና አርጎ አያሳይም ነበር፣ ግን ቢያንስ ቄሱ አያቴ ነው ያረገው ብሎ አምኗል።

እኔም የማምነው አለኝ ሆዴ። እማማ የስጋ ደዌ ሆስፒታሉ አለርት በተከፈተ ሰሞን፣ በእኛ 1958፣ ከጎጃም መጥታ ታክማ ድና፣ በነዛ ጣቶቿ ጥልፍ ጠልፋ እናትሽን አሳድጋ፣ እኔ ግን እናቴ እነሱ ቤት ቡና እንዳትጠጪ ስላለችኝ ሲኒውን ከእጇ ተቀብዬ ሳልቀምሰው ከወንበሩ ስር አስቀምጬዋለሁ። አንዴ አይደለም፣ ብዙ ቀን። እሷ አይታኛለች፣ ሲኒውን አንስታ ስትደፋው አይኔን አላየችኝም፣ በሚቀጥለው ቀን ግን እንደገና ቀዳችልኝ። እስከዛሬ ልነግርሽ አልቻልኩም፣ ለቅሶው ላይ ዝም ያልኩትም በዚህ ነው።

የሰጠችኝ ጥልፍ እዚህ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። አርብ እረፍቴ ነው፣ እደውልልሻለሁ፣ ብትቆጪኝም ስልኩን አንሺልኝ።