የስሊክ ጎማ ምርጫ በላስቲኩ ልስላሴ ብቻ አይወሰንም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በመኪና እሽቅድምድም ዓምዳችሁ ስለ ስሊክ ጎማ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው፣ ስሊክ (ገጹ ልሙጥ የሆነ፣ ጥርስ አልባ የእሽቅድምድም ጎማ) ጥርሱ አልቆ እንደተላጨ አሮጌ ጎማ ሳይሆን ሙሉ ገጹ አስፋልቱን እንዲጨብጥ ታስቦ የተሠራ መሆኑን ማስረዳታቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ለአውቶክሮስም (በኮኖች መካከል ተራ በተራ በሰዓት ለሚደረግ አጭር ውድድር) ሆነ ለትራክ (ለእሽቅድምድም ለተሠራ ዙሪያ መንገድ) ላስቲኩ በለሰለሰ ቁጥር ይሻላል ማለታቸው አንባቢን ለከንቱ ወጪ የሚዳርግ መስሎ ታይቶኛል።

ሁለቱን የሚለያያቸው ጎማው ያለ ዕረፍት የሚሠራበት ጊዜ ነው። በአውቶክሮስ በኮኖች መካከል የሚደረገው አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አይዘልም፤ ከዚያም መኪናው ቆሞ ተራ ሲጠብቅ ጎማው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሳይግል፣ ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ የሚጨብጥ እጅግ ለስላሳ ላስቲክ ያስፈልጋል። ይኸው ጎማ በትራክ ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ ቢነዳ ግን ከመጠን በላይ ግሎ ጭብጠቱን ያጣል፣ ገጹም ይቆሳስላል። በአንጻሩ ብዙ የትራክ ስሊኮች በደንብ የሚይዙት ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በመሆኑ፣ አውቶክሮስ ላይ እዚያ ሳይደርሱ ዙሩ ያልቃል። ሁዚየር የተባለው አምራች ኤ7ን ለአውቶክሮስ፣ አር7ን ለትራክ ለይቶ ማቅረቡም ከዚሁ የመነጨ ነው። (በገጻቸው ላይ ጥቂት ፈለግ፣ ማለትም ቦይ መሰል መስመር፣ ስላለ ሁለቱም ሙሉ ስሊክ አይባሉም፤ ልዩነቱ ግን ያው ነው።)

ጽሑፉ ያገለገለ ጎማ መግዛትን እንደ ቁጠባ ማቅረቡም አሳስቦኛል። ጎማ የሚያረጀው በማለቅ ብቻ አይደለም፤ ግሎ በቀዘቀዘ ቁጥር ላስቲኩ እየደረቀ ይሄዳል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ገጻቸው ወፍራምና ንጹሕ የሆነ አራት ስሊኮችን በርካሽ አገኘሁ ብዬ ተደስቼ ነበር፤ ትራክ ላይ ሳወጣቸው ግን ከቤት ካመጣኋቸው ተራ ጎማዎች ብዙም የማይሻሉ ሆነው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ጎማው ስንት ጊዜ ግሎ እንደቀዘቀዘ ሊነግረኝ ከማይችል ሻጭ አልገዛም።

የጎማውን ንፋስ በተመለከተ፣ ጎማው ሲግል ግፊቱ ስለሚጨምር ዋናው ልኬት ከትራክ እንደወጡ ወዲያው የሚወሰደው ነው። የገጹንም ሙቀት በውስጥ፣ በመሀልና በውጭ በኩል መለካት ይጠቅማል፤ መሀሉ ከዳርና ዳሩ በልጦ ከጋለ ንፋሱ በዝቷል፣ ዳርና ዳሩ በልጦ ከጋለ ደግሞ አንሷል ማለት ነው።

መኪናው ራሱ ይህን ሁሉ ጭብጠት መሸከም መቻሉም ሊጠየቅ ይገባዋል። በረጅም ኩርባ ላይ የሞተር ዘይት ወደ አንድ ጎን ሲገፋ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ሊስብ ይችላል፤ የጎማው ኩሽኔታና ቡሎኖችም በተራ ጎማ ከለመዱት የበለጠ ጫና ያርፍባቸዋል።

በመጨረሻም ስሊክ ውሃ የሚያስወጣበት ፈለግ ስለሌለው በዝናብ አደገኛ ነው። በመደበኛ መንገድም እንዲነዳበት ስላልተሠራ ጎማዎቹን ጭኖ ወስዶ እዚያው መቀየር ግድ ይላል። ሁለተኛ ጎማ የሚያስቀምጥበት ቦታም ሆነ የሚገዛበት ገንዘብ ለሌለው ጀማሪ፣ ጥርስ ያለው ለስላሳ የስፖርት ጎማ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ጸሐፊው ይህን አማራጭ በቀጣዩ ዕትም ቢያነሱት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ