ስለ ሦስቱ የአውሮፓ እግር ኳስ ዋንጫዎች ገንዘብ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እናትሽና እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ባለፈው በስልክ ስንጫወት፣ «አባዬ፣ ሻምፒዮንስ ሊግ የሚገቡት የተሻሉት ክለቦች ከሆኑ ብዙ ገንዘብ ቢወስዱ ምን ነውር አለው?» ያልሽኝ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ፣ መልሴን በጽሑፍ ልልክልሽ ወደድሁ።

የተሻለ የሠራ የተሻለ ያግኝ በሚለው እኔም እስማማለሁ። ቅር የሚለኝ ልዩነቱ በሥራው ልክ አለመሆኑ ነው። የአውሮፓን እግር ኳስ የሚመራው ማኅበር ዩኤፋ እ.ኤ.አ. ከ2024 እስከ 2027 በደነገገው ክፍፍል በየዓመቱ ለዋነኛው ውድድር ለሻምፒዮንስ ሊግ 2.467 ቢሊዮን፣ ከእርሱ ቀጥሎ ላለው ለዩሮፓ ሊግ 565 ሚሊዮን፣ በሦስተኛ ደረጃ ላለው ለኮንፈረንስ ሊግ ደግሞ 285 ሚሊዮን ዩሮ መድቧል፤ በእያንዳንዱ ውድድር ዋና ዙር የሚሳተፉት ክለቦች ግን እኩል 36 ናቸው። አንድ ክለብ ሻምፒዮንስ ሊግ በመግባቱ ብቻ 18.62 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀበል፣ ኮንፈረንስ ሊግ የገባው የሚቀበለው 3.17 ሚሊዮን ነው። በ2024/25 የስሎቫኪያው ክለብ ስሎቫን ብራቲስላቫ ስምንቱንም የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታዎች ቢሸነፍም ያ የመግቢያ ገንዘብ አልቀረበትም። በማጣሪያ ታግሎ የገባ ክለብ ነውና እርሱን አልወቅስም። ነገር ግን በኮንፈረንስ ሊግ ስድስቱንም የዋናው ዙር ጨዋታዎች የሚያሸንፍ ክለብ ከድሎቹ የሚያገኘው 2.4 ሚሊዮን ነው፤ በሻምፒዮንስ ሊግ ግን አንድ ድል ብቻውን 2.1 ሚሊዮን ያስገኛል።

ገንዘቡን የሚያመጣው የቴሌቪዥን ስርጭት መብት ነው፣ ተመልካቹም ትልልቆቹን ክለቦች ማየት ይሻል የሚል መልስ እንደምትሰጪኝ አውቃለሁ፤ እውነትም አለው። ሆኖም ከሻምፒዮንስ ሊጉ ገንዘብ 853 ሚሊዮን ዩሮ ያህሉ የሚከፈለው በዓመቱ ውጤት ሳይሆን በክለቡ አገር የቴሌቪዥን ገበያ ስፋትና ክለቡ ባለፉት ዓመታት ባከማቸው ነጥብ ነው። ልጄ፣ ይህን ቁጥር ደጋግመሽ እዪው፦ በሌሎቹ ሁለት ውድድሮች ላሉት 72 ክለቦች በአንድነት የተመደበው 850 ሚሊዮን ነው። ትናንት ሀብታም የነበረው፣ ዛሬ ሜዳ ላይ ምንም ይሥራ ምን፣ ለነገም ሀብታም ሆኖ እንዲቆይ የተበጀ ሥርዓት ይመስለኛል። በኤፕሪል 2021 አሥራ ሁለት ትልልቅ ክለቦች ከዩኤፋ ተለይተው ሱፐር ሊግ የተባለ የራሳቸውን ውድድር እናቋቁማለን ብለው መነሣታቸውም ዩኤፋን እነርሱን ላለማስቀየም እንዲጠነቀቅ ሳያደርገው አልቀረም።

ጉዳቱ በየአገሩ ሊግም ይታያል። የቡልጋሪያው ሉዶጎሬትስ ከ2012 እስከ 2025 ሻምፒዮንነቱን 14 ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። ባለሀብት ደጋፊ እንዳለው አልዘነጋሁም፤ ይሁንና በየዓመቱ ከአውሮፓ የሚመጣ ገንዘብ በአንድ ክለብ እጅ ሲከማች የአገሩ ሌሎች ክለቦች በምን አቅም ይደርሱበታል? በአውሮፓ ለማይሳተፉ ክለቦች የሚሰጠው ድርሻ ከ4 በመቶ ወደ 7 በመቶ ማደጉ መልካም ነው፤ ለብዙ ክለቦች ሲከፋፈል ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

እኔ ብጠየቅ የዚያን 853 ሚሊዮን ግማሽ ወደ ኮንፈረንስ ሊግ አዛውር ነበር፤ የውድድሩ ገንዘብ ያኔ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ስሌቱን አንቺም ሞክሪውና የማትስማሚበትን በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ጻፊልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ