ሃምሳ አለቃን ጠይቋቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲታሰብ ስለ ታንኩና ስለ ጄኔራሎቹ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው። ግን ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ በ1970 ጅጅጋ ነጻ ስትወጣ እዚያው የነበሩ አንድ ሃምሳ አለቃ አሉ። እስካሁን የጠየቃቸው ጋዜጠኛ የለም።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ግንበኝነት ያዙ። በዚያች ገቢ የራሳቸውን ልጆች ብቻ ሳይሆን የሟች ወንድማቸውንም ልጆች አሳደጉ። ባለቤታቸው አልጋ ከያዙ ወዲህ ደግሞ ምግብ የሚያበስሉት እሳቸው ናቸው። ሽሯቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጨው ይበዛበታል።

ለቅሶ ሲኖር የዕድሩን ድንኳን ለመትከል የሚቀድማቸው የለም። እኛ ጎረምሶቹ ስልካችንን እየነካካን ስንደርስ ካስማው ተመቷል። ክረምት ላይ ከሰፈሩ ጋር ችግኝ ይተክላሉ። መትከሉስ ቀላል ነው፤ ፎቶም አለው። በጋውን ሙሉ በጀሪካን ውሃ እያመላለሰ የሚያጠጣው ማን ነው? እሳቸው። አበል የለ፣ ክፍያ የለ።

እባካችሁ ሰው ላኩና አነጋግሯቸው። ከሰዓት በኋላ ቤት አይገኙም፤ ጠዋት ይምጣ።

አንባቢያችሁ ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ